የተማሪዎችን የጽሑፍና የጥናት ክህሎት በራሳችን ኮርስ ውስጥ እንዴት እንደግፍ?

ጥያቄ (የተፈጥሮ ሀብት አያያዝ መምህር)

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ ለሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች የተፋሰስ አያያዝ ኮርስ አስተምራለሁ። በክፍሉ ውስጥ ስልሳ ገደማ ተማሪዎች አሉ። ከኮርሱ ምዘናዎች አንዱ ከስምንት እስከ አሥር ገጽ የሚደርስ ጥናታዊ ጽሑፍ ሲሆን ከ100 ነጥብ 20ውን ይይዛል። የተቸገርኩት በዚህ ጽሑፍ ነው።

የሚቀርቡልኝ ሥራዎች አብዛኞቹ ከተለያዩ ድረ ገጾች ተለቃቅመው የተገጣጠሙ ናቸው። በአንድ አንቀጽ ውስጥ የፊደሉ መጠን ሁለትና ሦስት ጊዜ ይለዋወጣል፤ አብሮ የተገለበጠው ሰማያዊ ሊንክና የዊኪፔዲያ የማጣቀሻ ቁጥር እንኳ ሳይነሣ ይቀራል፤ ስለ ጮቄ ተራራ በሚናገር ገጽ መሐል ድንገት ስለ ኔፓል የሚያወራ ዓረፍተ ነገር ይገባል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ሌላ ዓይነት መጥቷል፦ እንግሊዝኛው እንከን የማይወጣለት፣ ነገር ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዳች ነገር የማይናገር ጽሑፍ። ጸሐፊውን ጠርቼ «እዚህ ላይ ምን ለማለት ፈልገህ ነው?» ብዬ ስጠይቀው አንገቱን ደፍቶ ዝም ይላል።

ይህን የምጽፈው ተማሪዎቼን ለመክሰስ አለመሆኑ ይታወቅልኝ። እነዚሁ ልጆች ለመስክ ጉብኝት ስንወጣ፣ በጥር ዘመቻ የተሠራው እርከን ክረምቱ ሳይወጣ ለምን እንደፈረሰ፣ ከብቱ እንዴት እንደረገጠው፣ የማሳው ባለቤትም ለምን እንዳልጠገነው ከእኔ አሻሽለው ያስረዱኛል፤ አብዛኞቹ የገበሬ ልጆች ናቸውና። ይህ ዕውቀታቸው ወረቀቱ ላይ የማይደርሰው ለምንድን ነው? የቋንቋ መምህር ያልሆነ ሰው የኮርሱን ይዘት ሳይሸራርፍ ምን ሊያደርግላቸው ይችላል? ወይስ ወደ እንግሊዝኛ ቋንቋ ማሻሻያ ማዕከል መላኩ ይበቃል? አጠናናቸውም ያሳስበኛል፤ ሃንድአውቱን በፈተናው ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ ከመሸምደድ በቀር ሌላ ዘዴ ያላቸው አይመስለኝም። ልምድ ያላችሁ ብታካፍሉኝ አመሰግናለሁ።

ምላሽ (የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህርት)

ጤና ይስጥልኝ፣ መምህር። በማሻሻያ ማዕከል ውስጥ ስለምሠራ ስለ ማዕከሉ የጠየቁትን አስቀድሜ ልመልስ፦ መላኩ ብቻውን አይበቃም። ወደ እኛ በፈቃዱ የሚመጣው ከፊተኛው ረድፍ የሚቀመጠው ጎበዝ ተማሪ ነው። ከሁሉ በላይ እገዛ የሚያስፈልገው አይመጣም፤ ተልኮ ቢመጣም ወደ ክሊኒክ እንደተላከ ሕመምተኛ ተሸማቆ ይመጣል። በዚያ ላይ የሚሠራውን ጽሑፍ ሳይዝ ስለሚመጣ የምናስተምረው የግሥ ጊዜያትንና የመስተዋድድ አገባብን ይሆናል፤ ከገለጹት እንደተረዳሁት ደግሞ የተማሪዎችዎ ዋነኛ ችግር እሱ አይደለም።

ተማሪው እኛ ዘንድ እስኪደርስ ድረስ ምን ሲጽፍ እንደቆየ መጠየቅ ይበጃል። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይሰጣል፤ እንደየክልሉ ከሰባተኛ ወይም ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ማስተማሪያው ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና፣ የእንግሊዝኛውም ቢሆን፣ የምርጫ ጥያቄ ነው። ስለዚህ አንድ ተማሪ ሌላ ሰው አንብቦ አስተያየት የሰጠበት አንድ ገጽ ጽሑፍ በዕድሜው ሳይጽፍ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ይችላል። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ሲሰጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ያህል ብቻ እንደነበሩና የሬሜዲያል (የማካካሻ ትምህርት) ፕሮግራሙም ያንን ተከትሎ እንደመጣ ሁላችንም እናስታውሳለን። በ2012 ዓ.ም. የተመለሰው የፍሬሽማን ፕሮግራም የእንግሊዝኛ ክህሎት ኮርሶችንና የሎጂክ ኮርስን መያዙ መልካም ነው፤ ነገር ግን ተማሪው ሦስተኛ ዓመት ሲደርስ ያ ሁሉ ከተፋሰስ አያያዝ ጋር የሚገናኝ አይመስለውም፤ የሚያገናኝለት መምህርም አያገኝም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተናም የምርጫ ጥያቄ በመሆኑ፣ ለመጻፍ የሚያውለውን ጊዜ እንደ ብክነት ቢቆጥረው ብዙም አልፈርድበትም።

እርስዎ ሊያደርጉት ወደሚችሉት ነገር ልለፍ። እኔ የምጀምረው ከአሳይመንቱ ትእዛዝ ነው። «በኢትዮጵያ ስላለው የአፈር መሸርሸር ጻፉ» የሚል ትእዛዝ መገልበጥን ይጋብዛል፤ መልሱ አስቀድሞ ተጽፎ ኢንተርኔት ላይ ይገኛልና። በምትኩ «በጮቄ ግርጌ ያለ አርሶ አደር በዘመቻ የተሠራለትን እርከን በሚቀጥለው ዓመት የማይጠግነው ለምንድን ነው? ከሁለት ጥናቶችና በመስክ ካያችሁት ተነሥታችሁ አንዱን ምክንያት ምረጡና ተሟገቱለት» ቢባል፣ እንዳለ የሚገለበጥ ገጽ ስለማይገኝ ተማሪው የራሱን ነገር ለማለት ይገደዳል። ገጹንም ከአሥር ወደ አራት ያውርዱት። አሥር ገጽ የሚሞላ ሐሳብ የሌለው ተማሪ አሥር ገጽ ሲታዘዝ ከመገልበጥ ሌላ ምርጫ የለውም።

ሥራውም በአንድ ቀን ተሰብስቦ የሚመጣ አይሁን። በሦስተኛው ሳምንት ጥያቄውንና አንድ አንቀጽ እዚያው ክፍል ውስጥ በእጃቸው ጽፈው ያስረክቡ፤ ከዚያ የሁለቱን ጥናቶች ማጠቃለያ ያምጡ፤ ከዚያ ረቂቁን፤ የመጨረሻው ቅጂ የሚመጣው በስተመጨረሻ ነው። ከ20ው ነጥብ ቢያንስ ስምንቱ በመንገድ ላይ ላሉት ደረጃዎች ቢሰጥ፣ ከግቢው በር ፊት ለፊት ካሉት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች የተዘጋጀ ወረቀት መግዛትም ዋጋ ያጣል።

የምንጭን ሐሳብ በራስ አነጋገር መጻፍን በተመለከተ በክፍል ውስጥ የምሠራበትን ልምምድ ልንገርዎት። ለተማሪዎቹ ከአንድ ጥናት የተወሰደ አጭር የእንግሊዝኛ አንቀጽ እሰጣለሁ። ሐሳቡ፦ እርከን አፈርን ቢያስቀርም የሚታረሰውን መሬት ስለሚያጠብ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርትን ሊቀንስ ይችላል የሚል ነው እንበል። እንዲሁ «በራሳችሁ አባባል ጻፉ» ብዬ ብተዋቸው አንድ ሁለት ቃል በተመሳሳዩ ቀይረው የዓረፍተ ነገሩን አጥንት እንዳለ ያስቀምጡታል። አሜሪካዊቷ የጽሑፍ ትምህርት ምሁር ሬቤካ ሙር ሃዋርድ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሲያስረዱ እንደቆዩት፣ ይህ ዓይነቱ መለጣጠፍ ሁልጊዜ ስርቆት አይደለም፤ ጀማሪ ገና ያልለመደውን የሙያ ቋንቋ ሲለማመድ የሚያልፍበት ደረጃ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመቅጣት ይልቅ ጽሑፉ እንዳይታያቸው ወረቀቱን አስደፋቸዋለሁ። እያንዳንዱ ያነበበውን ለጎረቤቱ በአማርኛ ወይም በሚቀናው ቋንቋ ያስረዳል፤ ጎረቤቱም «ታዲያ ምን ይሁን?» ብሎ ይጠይቀዋል። ከዚያ ምንጩን ሳያዩ ሦስት ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ይጽፋሉ፤ በመጨረሻም ወረቀቱን ገልጠው ሐሳቡ አለመዛባቱን፣ ቃላቱም ተከታትለው አለመወሰዳቸውን ያመሳክራሉ። ሩብ ሰዓት ቢወስድ ነው። በዚህ ልምምድ ላይ አንድ ተማሪ «ገበሬው የሚያየው የተረፈውን አፈር ሳይሆን የጠበበውን ማሳ ነው» ብሎ ጻፈ። እንግሊዝኛው ሁለት ስሕተት ነበረበት፤ ሐሳቡ ግን የራሱ ነበር፤ እኔም ያረምኩት ስሕተቱን ብቻ ነው።

ስለ ቻትጂፒቲ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ጽሑፍ በማሽን መጻፍ አለመጻፉን እንለያለን የሚሉትን መሣሪያዎች አምነው ተማሪ እንዳይቀጡ። እ.ኤ.አ. በ2023 ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በወጣ ጥናት የተፈተሹት መሣሪያዎች፣ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ለቶፍል ፈተና ከጻፏቸው ድርሰቶች በአማካይ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን የማሽን ሥራ ብለዋቸዋል። የእኛ ተማሪዎች የሚጽፉት እንግሊዝኛ ደግሞ ከዚያ የራቀ አይደለም። በክፍል ውስጥ በእጅ የተጻፈው አንቀጽና ከተማሪው ጋር የሚደረግ የአምስት ደቂቃ ንግግር ከማናቸውም ሶፍትዌር የተሻለ ማስረጃ ይሰጥዎታል።

ምላሽ (የሜካኒካል ምሕንድስና መምህር)

የመምህርቷን ምክር አከብራለሁ፤ ይሁን እንጂ በተግባር የሚቻል አይመስለኝም። እኔ በአንድ ወሰነ ትምህርት ሦስት ኮርስ እይዛለሁ፤ የላብራቶሪው ሪፖርት ብቻውን ጠረጴዛዬን ሞልቶታል። አራት ደረጃ ያለው ጽሑፍ ለስልሳ ተማሪ ሁለት መቶ አርባ ወረቀት ማለት ነው። ደግሞም የእኔ ተማሪ ድርሰት ጸሐፊ እንዲሆን አይጠበቅበትም፤ የለካውን መዝግቦ ውጤቱን በትክክል ካቀረበ ይበቃል። የጽሑፍ ትምህርት የቋንቋ ክፍሉ ኃላፊነት ሆኖ ቢቀር እመርጣለሁ። የላብራቶሪ ሪፖርት ላይ የሚሠራ ቀለል ያለ ዘዴ ካለ ግን ለመስማት ዝግጁ ነኝ።

ምላሽ (የአራተኛ ዓመት ተማሪ)

መምህሮቼ፣ በመካከላችሁ ገብቼ በመናገሬ ይቅርታ እየጠየቅሁ በተማሪ በኩል ያለውን ላስረዳ።

አሳይመንት በአብዛኛው የሚሰጠው በቡድን ነው። አምስት ስም ሽፋኑ ላይ ይጻፋል፤ የሚጽፈው ግን አንድ ሰው ነው፤ እሱም ብዙውን ጊዜ ላፕቶፕ ያለው ልጅ ነው። ላፕቶፕ የሌለን በስልካችን ላይ ጽፈን በቴሌግራም እንልክለታለን፤ ያ የፊደል መለዋወጥ አንዳንዴ የሚመጣው ከዚህ ነው። የሁሉም ኮርስ አሳይመንት የሚሰበሰበው ደግሞ ከፋይናል በፊት ባለው በዚያው ሳምንት ነው። ወረቀቱ ሲመለስልን፣ ከተመለሰልን፣ በሽፋኑ ላይ ከ15ቱ 12 የሚል ቁጥር ብቻ ይኖረዋል። ሦስቱ ነጥብ ለምን እንደጎደለ የሚነግረን ስለሌለ በሚቀጥለውም እንደዚያው እንጽፋለን። ከዚህ ሁሉ የተለየ መምህር አጋጥሞን ያውቃል፦ በአንድ አንቀጽ ጎን ላይ በእርሳስ «ይህን ማን አለ? አንተ ትስማማለህ?» ብሎ የጻፈ። ተማሪው ያን ወረቀት ዶርም ውስጥ ለሁላችንም አሳይቶናል።

ስለ አጠናን የተነሣውም እውነት ነው። ሃንድአውትን በሃይላይተር ቀብቶ ደጋግሞ ማንበብ ያወቅን ያስመስለናል። በሳይኮሎጂ ኮርስ ላይ የሮዲገርና የካርፒኪ የ2006 (እ.ኤ.አ.) ጥናት ተነግሮን ነበር፦ አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡት ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ የተሻለ ያስታውሳሉ፤ ከሳምንት በኋላ ግን የሚበልጡት አንዴ አንብበው ሳያዩ ለማስታወስ የሞከሩት ናቸው። እኛ ክፍል ውስጥ ሦስት ሆነን ይህን ልማድ አደረግነው። ከእራት በኋላ የዕለቱን ትምህርት ደብተር ዘግተን በባዶ ወረቀት ላይ የምናስታውሰውን እንጽፋለን፤ የጎደለውን በቀይ እንሞላለን፤ በሚቀጥለው ሳምንት ቀዩን ብቻ እንጠያየቃለን። ለመውጫ ፈተናም የምንዘጋጀው በዚሁ መንገድ ነው። መምህራን ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ሲል አምስት ደቂቃ ሰጥተው «ደብተር ዝጉና የዛሬውን ጻፉ» ቢሉን፣ ነጥብ ባይኖረውም፣ ብዙ ተማሪ ዘዴውን ከዚያ የሚለምድ ይመስለኛል።

ምላሽ (የዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ ባለሙያ)

የተማሪውን አስተያየት በደስታ አነበብኩ። እኔ የምጨምረው ስለ ምንጭ ነው።

ተማሪዎች ከዊኪፔዲያ የሚገለብጡት ሌላ ነገር በነጻ የማይገኝ እየመሰላቸው ነው። ኢትዮጵያ «ሪሰርች ፎር ላይፍ» በተባለው ዓለም አቀፍ መርሐ ግብር ውስጥ ተቋማቸው በነጻ ከሚጠቀሙ አገሮች ወገን ናት። በዚያው መርሐ ግብር ሥር ያለውና በዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት የሚመራው «አጎራ» በተለይ ለእርሻና ለተፈጥሮ ሀብት ተማሪዎች ትልቅ ሀብት ነው፤ ለጤና ተማሪዎች ደግሞ «ሂናሪ» አለ። መግቢያው የሚሰጠው ለተቋም በመሆኑ የይለፍ ቃሉ ብዙውን ጊዜ በላይብረሪው ዘንድ ነው፤ መምህሩ አንድ ቀን ክፍሉን ይዞ ቢመጣ እናሳያለን። በአፍሪካ የሚታተሙ መጽሔቶችን በአንድ ቦታ የሚያቀርበው «አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን»ም አለ፤ የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች መጽሔቶች በብዛት ይገኙበታል።

ማጣቀሻ ለማደራጀት ዞቴሮን እመክራለሁ። ነጻ ነው፤ ኢንተርኔት በሌለበትም ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። በኢትዮጵያውያን ስም ላይ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሶፍትዌሩ ሁለተኛውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ስለሚወስድ፣ የታሪክ ምሁሩን ባሕሩ ዘውዴን «ዘውዴ» ብሎ አባታቸውን ደራሲ ያደርጋቸዋል። በአገራችን የምርምር ልማድ የሚጠቀሰው የሰውየው የራሱ ስም ስለሆነ፣ የስሙን ሳጥን ከሁለት ወደ አንድ ቀይሮ ሙሉውን ስም በተራው ማስገባት ነው። ዓለም አቀፍ መጽሔት ሌላ ቢጠይቅ ተማሪው አውቆ ይለውጠው፤ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ግን አንዱን ሰው በሁለት ስም መጥራት አይገባም። በመመረቂያ ጽሑፎች ላይ በብዛት የማየው ጉድለት ይህ ነው፤ አማካሪዎችም ሲያልፉት አያለሁ።

የጠያቂው ተጨማሪ ጥያቄ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትእዛዙን ለመቀየርና ገጹን ወደ አራት ለማውረድ ወስኛለሁ፤ ላይብረሪያችንንም ለአንድ ክፍለ ጊዜ እጠይቃለሁ። የምሕንድስናው ባልደረባችን ያነሡት የጊዜ ጉዳይ ግን እኔንም ያስጨንቀኛል። ሁለት መቶ አርባ ወረቀት እንዴት ይታረማል? ቡድኑንስ ልተወው ወይስ ላቆየው?

ምላሽ (የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህርት)

ሁለት መቶ አርባውን አያርሙም፤ ማንም ሊያርም አይችልም። በሦስተኛው ሳምንት የተጻፈውን አንቀጽ በፍጥነት ያንብቡና ጥያቄ ያለውንና የሌለውን ብቻ ይለዩ፤ አንድ አንቀጽ ከሁለት ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ማጠቃለያውን ተሰጥቷል አልተሰጠም ብለው ብቻ ይመዝግቡት። ረቂቁ ላይ ሙሉውን ከማረም ይልቅ ከእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ገጽ፣ እሱ ራሱ የተቸገርኩበት ብሎ የመረጠውን ገጽ፣ ተቀብለው በጎኑ ሁለት ጥያቄ ይጻፉለት። ተማሪው እንዳለን፣ የሚፈልገው ያንን ነው። በብዙዎቹ ላይ የሚደጋገመውን ስሕተት ሰብስበው አንድ ገጽ ላይ አትመው ለክፍሉ በሙሉ ያነብቡላቸው፤ የማንንም ስም ሳይጠቅሱ። ሰዋስውን በረቂቅ ደረጃ አይንኩት። በሚቀጥለው ቀን ለሚሰረዝ ዓረፍተ ነገር ቀይ እስክሪብቶ ማባከን ነው፤ በመጨረሻው ቅጂ ላይ የቀረውን የቋንቋ ችግር ወደ ማዕከላችን ይላኩት፤ ያን ጊዜ ተማሪው የሚሠራበትን ጽሑፍ ይዞ ስለሚመጣ እኛም በትክክል እናግዘዋለን።

ቡድኑን ያቆዩት፤ ነገር ግን ለንባብና ለውይይት ብቻ። አምስቱ ሁለቱን ጥናቶች አብረው ያንብቡ፣ ይከራከሩ፣ አንዱ የሌላውን ረቂቅ ያንብብ፤ ጽሑፉን ግን እያንዳንዱ የራሱን አራት ገጽ ይጻፍ። ላፕቶፕ ለሌላቸው ረቂቁ በእጅ ቢጻፍ ይፈቀድላቸው፤ ለመጨረሻው ቅጂ የኮምፒውተር ክፍሉ ለአንድ ከሰዓት በኋላ እንዲያዝላቸው የትምህርት ክፍሉን ቢጠይቁ አይከለከሉም ብዬ እገምታለሁ።

ለምሕንድስናው መምህር፦ የላብራቶሪ ሪፖርቱን በሙሉ አይንኩት። ከሪፖርቱ የውጤት ትንተናውን ክፍል ብቻ ይያዙና «የለካችሁት ውጤት በስሌት ከተገኘው ለምን ተለየ?» የሚለውን በአንድ አንቀጽ፣ እዚያው ላብራቶሪ ውስጥ፣ ከመውጣታቸው በፊት ያስጽፏቸው። ካለፈው ዓመት ተማሪ ሪፖርት ሊገለብጡ የማይችሉት ክፍል እሱ ነው፤ የዕለቱ ልኬት የራሳቸው ነውና።

ምላሽ (የሜካኒካል ምሕንድስና መምህር)

ይህኛው ይሠራል። በሚቀጥለው ወር በሚጀመረው የሙቀት ማስተላለፊያ ላብራቶሪ ላይ በሁለት ምድብ እሞክረዋለሁ፤ አንዱን ምድብ እንደ ቀድሞው እተወዋለሁ፤ የሁለቱን ሪፖርት አነጻጽሬ ያየሁትን እዚሁ እጽፋለሁ።